ሲለበሱ የማይናገረው

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ የሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ፣ መምህርቷ የሴሚስተሩን ሲለበስ፣ ማለትም የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ፣ እያደሉ ነው። ወረቀቱ ዘጠኝ ገጽ ነው። ከፊት የተቀመጡት፣ ገና ባለፈው ሰኔ ሃይስኩል የጨረሱ ልጆች፣ አንድ ጊዜ ገለጥ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከሥራ በቀጥታ መጥተው ከኋላ የተቀመጡት ግን ገጽ በገጽ ያነቡታል። ከነሱ መካከል ሦስቱ ሀበሾች ናቸው። አንዷ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት፤ ከጃኬቷ ሥር ሰማያዊው የሥራ ልብሷ ይታያል። ሁለተኛው አገር ቤት በማኔጅመንት ዲግሪውን ይዞ የመጣ፣ አሁን ኡበር የሚነዳ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ነው። ሦስተኛው በልጅነቱ የመጣ፣ አማርኛ በደንብ የሚሰማ፣ ሲመልስ ግን ወደ እንግሊዝኛው የሚያደላ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ድራፍት የሚሉት ነገር በየድርሰቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሁሉንም ነው እንዴ የምናስረክበው?» አለች ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማስረከቡንስ እናስረክባለን፤ ማርክ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው የኔ እህት» አላት ባለኡበሩ በልበ ሙሉነት።

ተሳስቷል። በዚህ ክፍል ከመቶው ሃያ አምስቱ ለድራፍትና ለእርማት የተመደበ ነው። እሱ አገር ቤት ሲማር ወረቀት ማለት አንድ ሌሊት አምሽቶ ጽፎ፣ ጠዋት አስረክቦ፣ ውጤት ሲለጠፍ ማየት ነበር። ያስረከበውን ጽሑፍ ተመልሶ አይቶት አያውቅም፤ እንዲያይም የጠየቀው አልነበረም። እዚህ ደግሞ ኮርሱ ራሱ መመለስ ነው፦ የጻፉትን አፍርሶ እንደገና መጻፍ። የሚከተለው የሦስት ወር ተኩል ጣጣ ሁሉ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሲለበሱ ደግሞ ይህን በነጥብ እንጂ በቃል አይናገርም።

ኮርሱ የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ነው፤ በየቦታው የተለያየ ቁጥር አለው። በሜሪላንድ ብዙ ጊዜ ኢንግሊሽ 101 ነው፤ በቨርጂንያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች 111፣ በጆርጂያ 1101 ይባላል። ነርሲንግ ያሰበችውም፣ አካውንቲንግ የሚማረውም፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ማድረግ የሚፈልገውም ሳይወስደው አይቀርም። ለዚህም ነው በአዲስ መጤው ማኅበረሰብ ዘንድ ስሙ ከሒሳብ እኩል የሚፈራው። ባዮሎጂውን በኤ የጨረሰች፣ አናቶሚውን የተወጣች ተማሪ፣ እዚህ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት ጊዜ ጥላው ስትወጣ ማየት የተለመደ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግዴታ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። በአብዛኞቹ ኮሌጆች በሴሚስተሩ ከሦስት እስከ አምስት ድርሰት ይጻፋል። የመጀመሪያው ከራስ ሕይወት የሚነሳ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሌላ ሰው ጽሑፍ ተነብቦ ይተነተናል፤ ከዚያ ክርክር የያዘ ድርሰት፣ በመጨረሻም ምንጭ የሚጠቀስበት ጥናታዊ ጽሑፍ ይመጣል። መስመሩ እጥፍ ክፍተት ያለው፣ ፊደሉ 12 ነጥብ፣ የምንጭ አጠቃቀሱ በ1883 የተመሠረተው የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር፣ ማለትም ኤም ኤል ኤ፣ በሚያወጣው መመሪያ መሠረት። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ የፈረንጆች ናቸው።) ማለፊያው በብዙ ቦታ ሲ ነው። ዲ ያገኘ ተማሪ በትራንስክሪፕቱ ላይ «አላለፈም» አይባልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ኮርስ አይገባበትም፣ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲም ላይቆጥርለት ይችላል። የፍሎሪዳ ግዛት በ1982 ከዚህም አልፎ ሄዶ ነበር፤ በሴናተር ጃክ ጎርደን ስም የሚጠራው ደንብ ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በድምሩ 24,000 ቃላት እንዲጽፍ ለዓመታት ያስገድድ ነበር። ቃል መቁጠር ጽሑፍ ያስተምራል ብሎ የሚያምን መምህር አላጋጠመኝም፤ ሕግ አውጪ ግን የሚቆጠር ነገር ይወዳል።

ከሁሉም ይልቅ ተማሪውን የሚያታልለው ሲለበሱ አናት ላይ በአንድ መስመር የተጻፈችው «3 ክሬዲት» የምትል ነገር ናት። በፌዴራሉ መንግሥት ትርጓሜ አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንታት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጪ የሚሠራ ሥራ ነው። ለሦስት ክሬዲት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በሳምንት ሃምሳ ሰዓት ለምትሠራ፣ ልጅ ለምታደርስና ለምትመልስ ሴት ይህ ከሌላ ፈረቃ አይተናነስም። ጓደኛዋ «አንድ ክላስ ብቻ ነው እኮ፣ ምን አለበት» ብላ ስታስመዘግባት፣ ይህንን ሒሳብ የነገራት አልነበረም።

ይህ ኮርስ እንዴት ለሁሉም ግዴታ ሆነ? ታሪኩ የሚጀምረው ከሀብታም ልጆች ነው። ሃርቫርድ በ1874 የመግቢያ ፈተናው ላይ አጭር ድርሰት ጨመረ፤ ተፈታኞቹ ከነሼክስፒርና ከዋልተር ስኮት ሥራዎች በአንዱ ላይ እንዲጽፉ ታዘዙ። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲውን አስደነገጠ። በጊዜው ምርጥ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ልጆች ነጥብና ነጠላ ሰረዝ እንኳ በወጉ አያስቀምጡም ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ፈተናም ግማሽ ያህሉ ወደቁ። ጋዜጠኛ የነበረውና ወደ መምህርነት የተሻገረው አዳምስ ሸርማን ሂል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ጽሕፈት ይማሩ እያለ ሲወተውት ቆይቶ፣ በ1885 ኢንግሊሽ ኤ የተባለው ኮርስ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ግዴታ ሆነ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ተማሪው የፈለገውን ኮርስ መርጦ ይውሰድ የሚል ሥርዓት እያስፋፉ ስለነበር፣ ሌላው ግዴታ ሁሉ አንድ በአንድ ሲነሳ ይቺ ብቻ ቀረች። የቀሩት ኮሌጆች ተከተሉ።

በ1892 የሃርቫርድ የበላይ ተቆጣጣሪዎች የሰየሙት ኮሚቴ የተማሪዎቹን ጽሑፍ ከነስሕተቱ በሪፖርቱ አትሞ አወጣ። ጥፋቱንም በሃይስኩሎቹ ላይ ጫነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ሰው ይህን ሪፖርት ቢያነበው በደንብ ይስቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሃይስኩሉን፣ ሃይስኩሉ አንደኛ ደረጃውን፣ አንደኛ ደረጃው ወላጁን የሚከስበት ነገር እዚያም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ደርቶ ነበርና።

የእኛን ሰው የሚመለከተው ምዕራፍ ግን የተጻፈው ኒውዮርክ ነው። የከተማዋ ሕዝባዊ ዩኒቨርሲቲ በ1970 በሩን ለማንኛውም የሃይስኩል ምሩቅ ሲከፍት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥቁሮች፣ የፖርቶሪኮዎችና የስደተኞች ልጆች ገቡ። ሚና ሾነሲ የተባለች የሲቲ ኮሌጅ መምህርት አራት ሺህ ያህል የምደባ ፈተና ድርሰቶች ሰብስባ ተቀመጠችባቸው። ከዚያ በ1977 ያሳተመችው መጽሐፍ ዛሬም የጽሕፈት መምህራን ሥልጠና ላይ ይነሳል። ያገኘችው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የተማሪው ስሕተት የግዴለሽነት ውጤት አይደለም፤ ሥርዓት አለው፤ ከአንድ ከተረዳው ሕግ ይነሳል፤ ሕጉ ግን ቦታው አይደለም። በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ የእንግሊዝኛውን «ዘ» አንዴ ረስቶ አንዴ ያለቦታው የሚደነቅረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በቋንቋው ይህ ሥራ ከቃሉ መጨረሻ ላይ በሚለጠፍ ምዕላድ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከፊት የሚመጣ ለብቻው የቆመ ቃል ጆሮው አይፈልግም። ይህን የሚያውቅ መምህር ወረቀቱን በቀይ ከማጥለቅለቅ ይልቅ አንድ ቦታ አስምሮ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ሾነሲ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ በካንሰር ሞተች።

ከሷ በኋላ የመጣው ትውልድ የተከራከረው ስለ ምደባ ነው። ለብዙ ዓመታት አንድ አዲስ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ አኩፕሌሰር በመሰለ የኮምፒዩተር ፈተና ይመዘንና፣ ካልደረሰ ክሬዲት ወደሌላቸው የማጠናከሪያ ክፍሎች ይላክ ነበር። ስደተኛ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት የኢ ኤስ ኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የመማሪያ፣ ደረጃዎች ነበሩበት። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ፣ ሦስት ደረጃ፤ በየደረጃው ክፍያ፣ በየደረጃው አንድ ሴሚስተር። በመንገድ ላይ የሚቀረው ብዙ ነበር፤ ወድቆ ሳይሆን ታክቶት። በ2007 የባልቲሞር ካውንቲ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነገሩን ገለበጠው። ፒተር አዳምስ የሚባሉ መምህር የመሩት ፕሮግራም፣ ማጠናከሪያ ያስፈልጋቸዋል የተባሉትን ተማሪዎች በቀጥታ 101 ውስጥ አስገባና ከዋናው ክፍለ ጊዜ ጋር ከዚያው መምህር ዘንድ አነስ ያለ የድጋፍ ክፍል ጨመረላቸው። የሚያልፉት ቁጥር ከበፊቱ በጣም ጨመረ፤ አሠራሩም አገሪቱን አዳረሰ። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሚኒቲ ኮሌጆቿ ተማሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የኢ ኤስ ኤል ተማሪ ከሆነም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ትራንስፈር የሚሆን የእንግሊዝኛ ኮርስ እንዲጨርስ በሚያስችል መንገድ እንዲመድቡ አስገደደች። ስለዚህ ዛሬ የምትመዘገብ ተማሪ ከአምስት ዓመት በፊት የጨረሰችው የአክስቷ ልጅ የነገረቻትን መንገድ እንዳለ መከተል የለባትም። አማካሪው ቢሮ ሄዳ «የድጋፍ ክፍል ያለው 101 አላችሁ ወይ?» ብላ መጠየቅ ነው ያለባት። የአገር ቤት የሃይስኩል ትራንስክሪፕት አንዳንዴ ከፈተናው ይልቅ ይረዳል።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። በሦስተኛው ሳምንት የአረጋውያን ተንከባካቢዋ የመጀመሪያ ድራፍት ተመልሶላት ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል። እንዲህ ይጀምራል፦ «በዓለማችን ላይ ብዙ ዓይነት ሥራዎች አሉ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ የሆነ ጥቅምና ጉዳት አለው። ከነዚህም ሥራዎች መካከል አንዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በዚህ ድርሰት የዚህን ሥራ ጥቅምና ጉዳት አብራራለሁ።» እንግሊዝኛው ላይ ይህ ነው የሚባል ስሕተት የለም። መምህርቷ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከበው በእርሳስ ከጎኑ አጭር ጥያቄ ጽፈዋል። ወደኛው አነጋገር ሲመጣ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እንደማለት ነው።

እሷን ከፋት። ይህ አከፋፈት አገር ቤት አስር ከአስር ያሰጣት ነበር። ጥቅምና ጉዳቱን እኩል አድርጎ መደርደር፣ «ከትምህርትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» በሚለው የትምህርት ቤት ክርክር ያደግንበት ሚዛን ነው። ያም ቢሆን በክርክሩ ላይ ተማሪው የቆመበት ወገን ነበረው፤ በጽሑፉ ላይ ግን አስተዋይ መስሎ ለመታየት ሁለቱንም አሞግሶ መቀመጥ ይሻላል ተብሎ ተምሯል። መጀመሪያ ሰፊውን ዓለም ጠቅሶ ቀስ እያሉ ወደ ጉዳዩ መውረድም እንደዚሁ፤ በደብዳቤ ላይ ሰላምታና የቤተሰብ ደኅንነት ካልቀደመ ወሬው አይጀመርም። ጨዋነት ነው። የአሜሪካው ኮሌጅ መምህር ግን ይህን ጨዋነት አንብቦ የሚያየው ባዶ ገጽ ነው።

በእረፍት ሰዓት መምህርቷ አስቀመጧትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ በሥራሽ ላይ የሚያናድድሽ ምንድን ነው? መልሷ ፈጣን ነበር። በቀን ሦስት ሰዎች ዘንድ ትሄዳለች፤ ከአንዱ ቤት ወደሌላው በአውቶቡስ የምታጠፋው ሰዓት በደሞዝ ወረቀቷ ላይ የት እንደገባ አይታወቅም። ተከፍሏት እንደሆነ ወይም ተውጦ እንደሆነ መለየት አትችልም። «በይ ይህንን ጻፊው» አሏት።

ሦስተኛው ድራፍት እንዲህ ተከፈተ፦ «ማክሰኞ ዕለት በሁለት ደንበኞች መካከል አውቶቡስ ስጠብቅና ስሳፈር ሃምሳ አምስት ደቂቃ ቆየሁ። የደሞዝ ወረቀቴ ግን ስለነዚህ ደቂቃዎች አንድ ቃል አይልም። የእንክብካቤ ድርጅቶች የሠራተኛውን የመንገድ ሰዓት በደሞዝ ወረቀቱ ላይ ራሱን በቻለ መስመር እንዲያሳዩ መገደድ አለባቸው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ቲሲስ የሚሏት። አንድ ሰው ተነስቶ «የለም፣ አይገባም» ሊላት የሚችል ነገር መሆን አለባት፤ ማንም የማይቃወመው ሐሳብ ቲሲስ አይሆንም። ድርጅቶቹ የሚሉትን ከሷ በተሻለ አድርጋ ጽፋ መልስ እንድትሰጥበትም ታዘዘች። ወጪ ይጨምራል፣ ሒሳብ አያያዙ ይወሳሰባል፣ ሠራተኛዋ መንገድ ላይ ምን እንደሠራች በምን ይታወቃል። ይህን ክፍል ስትጽፍ ነው ከሁሉ ይበልጥ የተቸገረችው። የተቃራኒዋን ሐሳብ አሳምሮ ማቅረብ የራሷን ማዳከም መሰላት። ሦስተኛውን ድራፍት ካየሁት በኋላ ግን፣ ጽሑፉ አንባቢ ማሳመን የጀመረው እዚያ አንቀጽ ላይ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ይህን ሁሉ ከተማሪው እንግሊዝኛ ጋር ብቻ ማያያዝ ትክክል አይመስለኝም። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ግን የተማሪውን ዕጣ የሚወስነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አንዲት አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም፤ ከአማራጮቹ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ ነው። የማይፈተን ነገር ደግሞ አይጠናም። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ለሁሉም ተማሪ ሁለት ተከታታይ የኮሚኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ኮርሶች ተካተቱ፤ ማዳመጡም፣ መናገሩም፣ ሰዋስውም፣ ጽሕፈቱም አንድ ላይ ታጭቀውባቸዋል። የአሜሪካ የጽሕፈት መምህራን ጉባኤ አንድ የጽሕፈት ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 15 እንዲሆን ይመክራል። የእኛን የዩኒቨርሲቲ ክፍል የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ለማስተያየት አይደፍርም። መምህሩ ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ የዚያን ሁሉ ተማሪ ድርሰት ሦስት ሦስት ጊዜ የሚያነብበት ሌሊት ከየት ያመጣል?

እዚህም ቢሆን ነገሩ ሁሉ የሞላ አይደለም። ብዙዎቹን የ101 ክፍሎች የሚያስተምሩት በኮርስ ሒሳብ የሚከፈላቸው፣ ከአንዱ ኮሌጅ ወደሌላው በመኪና የሚሯሯጡ የትርፍ ሰዓት መምህራን ናቸው። ኦፊስ አወራቸው፣ ማለትም ከክፍል ውጪ ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት፣ በጋራ ክፍል፣ አንዳንዴም በዙም ነው። ለሀበሻ ተማሪ ኦፊስ አወር የሚባለው ነገር ራሱ ግራ ነው፤ መምህር ቢሮ የሚጠራው ያጠፋ ተማሪ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ሳይጠሩት ሄዶ «ይህ አንቀጽ አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ሲለበሱ ላይ ግን «ማክሰኞና ሐሙስ ከ5 እስከ 6፡30» ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። ብዙ መምህራን በዚያ ሰዓት የሚመጣ ተማሪ ሲያጡ፣ ክፍሉ ሁሉ ገብቶታል ብለው ይደመድማሉ።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። ኮርሱ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ድራፍት እንዲተች ያስገድዳል፤ ለዚያም ነጥብ አለው። ባለኡበሩ የወጣቱ ድርሰት ደርሶት፣ በቅጹ ላይ ባሉት ስድስት ጥያቄዎች ሁሉ ፊት «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ሞላ። ቅጹ ዜሮ ተጽፎበት ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ጥሩ ነው አትበለኝ» አለው ወጣቱ፤ አንቱታው ላይ እምብዛም አልሠለጠነም። «የት ጋ ነው የጠፋብህ? እሱን ንገረኝ።»

«የሰው ልጅ ሥራ በአደባባይ እንዴት አድርጌ አጣጥላለሁ?»

«ማጣጣል አይደለም እኮ። እናቴ ሰላጣው ጨው የለውም ስትለኝ አልከፋም።»

ሰውየው ሳቀና እርሳሱን አነሳ። ሦስተኛው አንቀጽ ከሁለተኛው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አስቀድሞም አይቶታል።

ምንጭ መጥቀስን በሚመለከት በአሜሪካ መምህራን ዘንድ አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚገለብጡት በባህላቸው የታላላቆችን ቃል መድገም ክብር ስለሆነ ነው ይባላል። ስለሌላው አገር አላውቅም፤ ስለኛ ግን እውነት አይደለም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር፣ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ያወጣውን ይዞ ነው የኔታ ፊት የሚቀርበው። የኔታ ያርሙለታል፤ ሄዶ ይደግመዋል። ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይመለስም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት መሳቂያ ነው። የኔን ለኔ፣ የሱን ለሱ ማለትም፣ አርሞ እንደገና ማቅረብም፣ ለኛ ዘመናት ያስቆጠረ ሥርዓት ነው። የተማሪዎቻችን ችግር የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ቃል በቃል ይመልሳል፣ ቃል በቃል የመለሰ ያልፋል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ የተማረ ልጅ ከድረ ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አንስቶ ቢለጥፍ ሌባ ከማለት በፊት ማስረዳት ይሻላል። ኮሌጁ ግን ማስረጃ እንጂ ምክንያት አይጠይቅም፤ ቅጣቱ ከድርሰቱ ዜሮ እስከ ኮርሱ ኤፍ ይደርሳል።

እግረ መንገዴን አንዲት ትንሽ የምትመስል ችግር ላንሳ። ኤም ኤል ኤ ደራሲን በቤተሰብ ስሙ አስቀድሞ ይዘረዝራል። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈ ተማሪ የባሕሩ ዘውዴን በ1991 የታተመ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ሲጠቅስ፣ ኮምፒዩተሩ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ ያስቀምጥለታል፤ ፕሮፌሰሩንም በአባታቸው ስም እየጠራ ድርሰቱን ይጨርሳል። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች ግን «ባሕሩ ዘውዴ» ብለው በ«ባ» ሥር ነው የሚዘረዝሩት። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ ዋናው ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው። አንድ ተማሪ ከዝርዝሩ ግርጌ በአንድ መስመር ምክንያቱን አስረድቶ ሲያስረክብ አይቻለሁ፤ መምህሩ ከጎኑ «አላውቅም ነበር» ብሎ ጻፈበት።

ከ2022 ኅዳር ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ፣ የዚህ ሁሉ መልክ ተቀይሯል። አንዳንድ መምህራን ድርሰቱን ወደ ክፍል ውስጥ መልሰውታል፤ በወረቀት፣ በእጅ፣ በሰባ አምስት ደቂቃ። ሌሎች ተማሪው ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ በጎግል ዶክስ ላይ እንዲጽፍና የለውጡ ታሪክ እንዲታይ ያዛሉ። በማሽን የተጻፈውን ለይቶ ያጋልጣል የሚባለው ሶፍትዌር ግን በተለይ በስደተኛው ላይ አደጋ አለው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ቻይናውያን ተማሪዎች ለቶፍል የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መለያ ሶፍትዌሮች ቢያቀርቡ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በማሽን የተጻፉ ናቸው ተባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የታወቁ ቃላትን በታወቀ አደራደር ይጠቀማል፣ ማሽኑም እንደዚያው። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋሞች ሶፍትዌሩን ዘግተውታል፤ የቀሩት አልዘጉም። ያለጥፋቷ የተከሰሰች ተማሪ በእጇ ያለው ማስረጃ ድራፍቶቿ ብቻ ናቸው። አንዱንም አለማጥፋት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ማሽኑ ያጋለጠው የኮርሱን የቆየ ድክመት ነው። «የቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት» የሚል ድርሰት ማሽን ይጽፈዋል፤ ድሮም ማንም ሳይጨነቅበት ይጽፈው ነበር። የማክሰኞዋን ሃምሳ አምስት ደቂቃ ግን ከዚያች ሴት በቀር የሚያውቃት የለም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ፖርትፎሊዮ ይገባል፤ የተሻሻሉት ሁለት ድርሰቶች ከነድራፍታቸው፣ ከፊታቸው ደግሞ ተማሪው ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ የሚያስረዳበት ደብዳቤ። ሴትየዋ ደብዳቤው ላይ ስለራሷ ጥረት መጻፍ ጉራ ሆኖባት ግማሽ ገጽ ላይ አቆመችው። መምህርቷ መልሰው ላኩላት። ሁለተኛው ሁለት ገጽ ሆነ፤ የመጨረሻ ውጤቷ ቢ። የፈለገችው የነርሲንግ ፕሮግራም ከሲ በላይ አይጠይቃትም፤ ኤ ያገኘው ወጣት ግን ኤ ማይነስ ስላልሆነበት ደስ ብሎታል።

ባለኡበሩ በአስረኛው ሳምንት ክፍሉን ጥሎ ወጥቷል። እንግሊዝኛው አልበደለውም፤ ትንተና ድርሰቱ ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ ካገኙት አንዱ ነበር። መኪናው ተበላሽቶ ለጥገናው ሌት ተቀን መሥራት ነበረበት። ከማቋረጫው ቀን በፊት ስለወጣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኤፍ ሳይሆን ደብሊው ተጻፈበት። ደብሊው ጂፒኤ አይነካም። የመንግሥት እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ግን በአብዛኛው ከሞከረው ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ አለበት፤ ደብሊው እንደተሞከረ እንጂ እንደተጨረሰ አይቆጠርም። ስለዚህ በጥር ሲመለስ አማካሪዋ ሁለት ኮርስ እንዳይወስድ ነግራዋለች። የቅዳሜ ጠዋቱን 101 ብቻ ይዟል።